ያየና የሰማ

ጋሽ ደምሴ የሞቱ ዕለት፣ ገና ሳይረፍድ፣ ወረታ መገንጠያ ላይ ሦስት ዓይነት ወሬ ደርሶ ነበር። አንዱ «ልባቸው ቆመ» ይላል። አንዱ «የከባድ መኪና ጎማ ሲነፉ ፈንድቶ መታቸው» ይላል። ሦስተኛው ከባሕር ዳር በስልክ የመጣ ነው፤ ፎቷቸውን ከሻማ ሥዕል ጋር አስጠግቶ «ታዋቂው የስፖርት ጋዜጠኛ» ብሏቸዋል።

ጋዜጠኛ አልነበሩም። ጎሚስታ ነበሩ። ልባቸውም ድንገት አልቆመም፤ ጎማም አልመታቸውም። አምስት ሳምንት ጉበታቸውን ታመው፣ አልጋቸው ላይ፣ ሚስታቸው እትዬ ዘውዲቱ እግራቸውን እያሸችላቸው አረፉ። እኔ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። ወሬውን ይዘው ለሚመጡት እሳቸው ቢኖሩ ኖሮ ምን ብለው እንደሚጠይቁ ደግሞ ወረታ ውስጥ የማያውቅ የለም፦ «አይተሃል፣ ሰምተሃል፣ ወይስ ተመኝተሃል?»

የእኔን ኮፒ ቤትና የእሳቸውን ጎማ ቤት የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው። የአየር መንፊያቸው ሲነሳ የእኔ ወረቀት ይንቀጠቀጣል። ስድስት ዓመት እንዲህ ተጎራብተን ኖርን። አጭር ሰው ነበሩ፤ ክንዳቸው ወፍራም፣ ጣታቸው በጎማ ማጣበቂያ የጠቆረ። አንድ ነገር ሲጠየቁ ቶሎ አይመልሱም። መጀመሪያ ጨርቅ ያነሳሉ፤ ከዚያ ጣቶቻቸውን ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ አንድ በአንድ ይጠርጋሉ። ጠያቂው እስከዚያ መጠበቅ አለበት። አራተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ ጥያቄውን ትቶ የሚሄድ ብዙ ነው። «የሄደው ጥያቄ አልነበረውም፤ ወሬ ነበረው» ይሉኛል።

በራቸው ላይ የቆመው ሰሌዳ ከትምህርት ቤት የተጣለ ነው፤ አንዱ ጥጉ ተቦድሷል። መጀመሪያ ለባጃጅ ልጆች የኳስ ውጤት ብቻ ይጽፉበት ነበር። ኔትወርክ ጠፍቶ የሁሉም ስልክ ባዶ ቀፎ የሆነበት ጊዜ ሲመጣ ግን ሰሌዳውን መሃል ለመሃል በመስመር ከፈሉት። በግራ በኩል ኳስ፤ ማታ በአጭር ሞገድ ራዲዮ የሰሙትን ውጤት ጠዋት ይጽፋሉ። በቀኝ በኩል መንገድ፤ ጎማ ሊያስጠግኑ ከሚቆሙ ሾፌሮች ያገኙትን። የመንገዱን ደግሞ እንደገና ለሁለት ከፈሉትና በላዩ «ያየ» እና «የሰማ» ብለው ጻፉ። የደብረ ታቦር መንገድ ክፍት ነው የሚለው ሾፌር ራሱ ከዚያ የመጣ እንደሆነ «ያየ» ስር ይገባል። ከባልደረባው ከሆነ ያገኘው «የሰማ» ስር ይወርዳል።

«‹የተመኘ› የሚለው ለምን የለም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ጣታቸውን ጠርገው ጨረሱ። «ሰሌዳው አይበቃም» አሉኝ።

ኳስ ላይ የነበራቸው አቋም ልጆቹን ያሳብዳቸው ነበር። ከእንግሊዝ ሊግ የሚደግፉት ከታች ሦስተኛ ያለውን ቡድን ነው። ቡድኑ ማንም ይሁን ማን ግድ የላቸውም፤ የሚደግፉት ቦታውን ነው።

«ጋሼ፣ የአንቱ ቡድን ትናንት አሸነፈ» ይላል ባጃጅ ነጂው ታደለ፣ የተነፈሰ ጎማ እያንከባለለ እየመጣ።

«ስንተኛ ሆነ?»

«ከታች አራተኛ።»

«እንግዲያ የኔ አይደለም። ልጆቹን እንኳን ደስ ያላችሁ በልልኝ።»

«እንዲህ ያለ ደጋፊ አይቼ አላውቅም። ቡድኑ ከፍ ሲል የሚከዳ።»

«ሲወርድ የሚከዳው ስንትና ስንት ሰው ነው። እኔ ሲወጣ ብከዳ ምን ይጎድላል?»

ለእኔ ግን አንድ ቀን ምክንያቱን ነግረውኛል። «ላይ ያሉት የሚጫወቱት ለዋንጫ ነው፤ ታች ያሉት ላለመውረድ። ላለመውረድ የሚሮጥ እግር አይዋሽም።» ኳስ ማሳያ ቤት ሲሄዱ በር ላይ ቆመው ያያሉ፤ ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ ሲጨርስ፣ ተንታኞቹ ገና ከረባታቸውን ሲያስተካክሉ፣ ወጥተው ይሄዳሉ። «ኳሱ ዘጠና ደቂቃ፣ ወሬው ሳምንት ሙሉ» ይሉ ነበር።

ስለ ፖለቲካ ሐሳብ አልነበራቸውም ማለት አይደለም። ነበራቸው፤ ያውም ሁሉንም ወገን እኩል የሚያስቀይም። ሲናገሩ ግን «ይሄ ሐሳቤ ነው፤ ዜና አይደለም» ብለው ይጀምራሉ። «ሐሳብና ዜና አንድ ጆንያ ውስጥ ከገባ ገለባው በሩዝ ዋጋ ይሸጣል።» አንድን ነገር በአራት ጣቢያ ሰምቻለሁ ብሎ ለሚሟገታቸው ሰው «አራቱም ከአንድ ጉድጓድ ቀድተው እንደሆነስ?» ይሉታል። ሰውየው ተናዶ ይሄዳል፤ ጎማው ሲተነፍስ ግን ተመልሶ ይመጣል።

አንዳንዴ ደግሞ ያሰለቻሉ። እትዬ ዘውዲቱ «ዝናብ ሊመጣ ነው፣ የታጠበውን አስገባው» ስትላቸው፣ «ዝናቡን አይተሻል?» አሏት። «ነገ እርጥብ ሱሪ ስትለብስ አንተው ታየዋለህ» አለች። በማግስቱ እርጥብ ሱሪ ለብሰው መጡ። ቀኑን ሙሉ አልተቀመጡም።

በእኔም ጨክነዋል። ግጥም እንደምጽፍ ያወቁ ሰሞን አንዱን አነበብኩላቸው። ጣና በሌሊት ስታለቅስ የሚል ነበር። ጨርሼ ቀና ስል፣ «ጣናን በሌሊት አይተሻል?» አሉኝ። አላየሁም። ሐይቁ ከቤታችን ሩቅ አይደለም፤ እናቴ ግን ከመሸ አታስወጣኝም። «እንግዲያ ማነው ስታለቅስ የሰማት?» አሉ። ሁለት ቀን ሰላም አላልኳቸውም። በሦስተኛው ቀን ክረምት ላይ ውሃ ስለዋጠው የአጎቴ የሩዝ ማሳ አራት መስመር ጻፍኩ፤ ከዚያ በፊት ከጻፍኩት ሁሉ ይሻላል።

አንድ ጊዜ ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች መጥተው ሰሌዳው ፊት ቆሙ። «ዜና እንድታሰራጭ ማን ፈቀደልህ?» አሏቸው።

«ዜና አይደለም፤ ሥራዬ ነው። መንገድ ከተዘጋ ጎማ አይተነፍስም።»

«አጥፋው።»

ጨርቃቸውን አርጥበው የመንገዱን ወሬ አጠፉ። «ያየ» እና «የሰማ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ግን ተዉአቸው። ከቃላቱ በታች የተጻፈ ስለሌለ ሰዎቹ ትተውት ሄዱ። ለሁለት ሳምንት ያህል የወረታ ሰው እየመጣ ያንን ባዶ ቦታ ቆሞ ያነብ ነበር።

ይህ ግትርነት ከየት እንደመጣባቸው የነገሩኝ አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ነው። ወጣት ሳሉ በገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ መግለጫና ጋዜጣ የሚያነቡት እሳቸው ነበሩ።

«ድምፄ ያምር ነበር» አሉኝ። «አንድ ቀን ‹ጠላት ተደመሰሰ› የሚለውን አነበብኩ። ሴቶቹ እልል አሉ። ልጇ የዘመተ አንዲት እናት ብቻ ተነስታ ‹አንተ ልጅ፣ ይሄን ያየ ሰው አለ?› አለችኝ። ‹ሬዲዮኑም ብሏል› አልኳት። ሰው ሳቀባት። እኔም ሳቅሁ። ብዙም ሳይቆይ እነዚያ ዘማቾች በዚሁ መንገድ፣ ጫማ እንኳ ሳይኖራቸው፣ ዳቦ እየለመኑ አለፉ። እናትየው መገንጠያው ላይ ቆማ እያንዳንዱን ፊት ታይ ነበር። የእሷ ልጅ አልነበረበትም።»

ወደ መንገዱ አዩ። «ማንበቤን ሳይሆን መሳቄን ነው የማልረሳው» አሉኝ።

የእትዬ አንጓች ነገር የመጣው በኅዳር ነው፤ ሩዝ በሚታጨድበት፣ መንገድና ኔትወርክ አንድ ላይ በጠፉበት ሰሞን። እትዬ አንጓች ገበያ ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች። አንድ ልጇ ደሳለኝ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማ ወርዶ ነበር። ሰኞ ዕለት ታደለ ወደ ጎማ ቤቱ መጣ፤ ጎማ አልያዘም።

«ጋሼ፣ ደሳለኝ ሞቷል። የተሳፈሩበት መኪና ተገልብጦ።»

«አይተሃል?»

«ኧረ አንቱ ደግሞ። አሁን ይሄ ይጠየቃል?»

«አሁን ካልተጠየቀ መቼ ይጠየቃል?»

ታደለ ከአንድ ጫኝ ሰምቷል። ጫኙ ከሾፌር። ሾፌሩ ደግሞ በጎንደር መንገድ ላይ፣ ይፋግ ከተማ፣ ሻይ ቤት ውስጥ ሲወራ። ከዚያ ወዲያ ማንም አያውቅም።

በእኛ አገር መርዶ እንደ ሌላ ወሬ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት በስውር ይሰባሰብና ገና ሳይነጋ ወደ ቤቷ ይሄዳል፤ እስከዚያ የሰማ ሁሉ አፉን ይዘጋል። የእትዬ አንጓች ወንድም ጋሽ ፈንታሁን ወሬው ደርሷቸው ከማሳቸው ከነማጭዳቸው መጡና «ረቡዕ ንጋት ላይ እንነግራታለን» አሉ። ጋሽ ደምሴ እምቢ አሉ።

«ያየውን ሰው እስካገኘው ጊዜ ስጡኝ።»

«መርዶ ማቆየት ነውር ነው ደምሴ። ከተማው ሁሉ አውቆ እሷ ብቻዋን ስትስቅ?»

«ሰሌዳ ላይ ብሳሳት በጨርቅ አጠፋዋለሁ። ይሄ በምን ይጠፋል?»

ጋሽ ፈንታሁን ማጭዳቸውን ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ አዛወሩ። «እስከ ዓርብ» አሉ። «ከዚያ ወዲያ ኃጢአቱ ያንተ ነው።»

ሐሙስ ዕለት እትዬ አንጓች ራሷ መጣች። እኔ በራፌ ላይ ቆሜ ነበር፤ መግባትም መውጣትም አቃተኝ።

«ደምሴ፣ የጎንደር መንገድ እንዴት አደረ?»

«ዝግ ነው፤ ያየ ሰው ነግሮኛል።»

«ይሄ ልጅ ለአጨዳው እደርሳለሁ ብሎኝ ነበር። በእግሩም ቢሆን አይቀርም፤ እግሩ የአባቱ ነው» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ግራ አየች። ማንበብ አትችልም። «የእሱ ቡድን እንዴት ሆነለት? ገና በር ሳይገባ የሚጠይቀኝ እሱን ነው፤ እኔ ደግሞ አንዱንም አልይዝለት።»

«ሁለት ለአንድ አሸንፏል።»

«ሁለት ለአንድ» አለች፣ እንዳይጠፋባት በጣቷ እየያዘች። «ሁለት ለአንድ» እያለች ወደ ገበያው ሄደች።

ጋሽ ደምሴ ጨርቁን አንስተው ጣታቸውን መጥረግ ጀመሩ። ማንም ምንም አልጠየቃቸውም ነበር።

ዓርብ ጠዋት እስከ ይፋግ መንገዱ ተከፈተ። በታደለ ባጃጅ ተነሳን። «አንቺም ነይ» አሉኝ። «እኔ ስደነግጥ ጆሮዬ ግማሹን ይጥላል። ደብተርሽን ይዘሽ ሰውየው የሚለውን ጻፊ። የሚለውን ብቻ።» በግራም በቀኝም የታጨደ ሩዝ ተከምሯል፤ ከብቶቹ ቃርሚያው ላይ ተሰማርተዋል። ታደለ መንገዱን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ስለ ኳስ አላነሳም።

ሻይ ቤቷ ውስጥ ስንጠይቅ ወደ አንድ ግቢ መሩን። አበጀ የሚባል ወጣት እጁን ተሰብሮ በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ጋሽ ደምሴ ከሰላምታ በኋላ ጥያቄያቸውን ጠየቁት፤ ድምፃቸው እንደ ሌላ ጊዜ አልነበረም።

«አይቻለሁ» አለ አበጀ። «አጠገቤ ነበር።»

ከዚያ ነገረን። ሰሊጥ በጫነ መኪና ላይ፣ ጆንያው ላይ ተቀምጠው ነበር። እሱና ደሳለኝ ከመነሻቸው ጀምሮ ሲከራከሩ ነው የመጡት። የሁለቱ ቡድኖች ተጋጥመዋል፤ ውጤቱን ግን ማንም አላወቀም። በመጨረሻ ደሳለኝ «ተወው፣ ወረታ ስንደርስ ጎማ ቤቱ በር ላይ ያለው ሰሌዳ ይዳኘናል» ብሎ አበጀ ትከሻ ላይ ጋደም አለ። መኪናው ሲገለበጥ ተኝቶ ነበር። አልነቃም። በማግስቱ እዚያው አቅራቢያ ባለ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ፈትተውት ተቀበረ።

ጋሽ ደምሴ ምን ለብሶ እንደነበር፣ ማን እንደገነዘው፣ መቃብሩ ላይ ምን ምልክት እንደተደረገ፣ የቄሱን ስም ጠየቁ። እኔ ጻፍኩ። ልንነሳ ስንል አበጀ፣ «አንቱ ነዎት እንዴ ባለ ሰሌዳው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«ማን አሸነፈ?»

«ሁለት ለአንድ። የእሱ ቡድን።»

አበጀ ራሱን ነቀነቀ። «ረታኝ» አለ። እስከዚያ ድረስ ሳያለቅስ ነው የነገረን።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ነገሯት። ጩኸቷን አልጽፍም።

በማግስቱ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ጋሽ ደምሴን በጎን ያይ ነበር። አንዲት ሴት እንዲሰሙ አድርጋ «ሐሙስ ገበያ ላይ ስትስቅ አይቻታለሁ፤ ሁላችን እያወቅን» አለች። ጋሽ ፈንታሁን እንኳ አልተጠጉላቸውም። መግቢያው ላይ ቆመው ቀሩ። እትዬ አንጓች ከሴቶቹ መሃል ቀና አለች፤ ድምጿ ተዘግቷል።

«ደምሴ፣ ያየውን ሰው አገኘኸው አሉ።»

«አግኝቼዋለሁ።»

«ንገረኝ።»

ሄደው ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ተቀመጡ። ጆንያውን፣ ክርክሩን፣ እንቅልፉን፣ የአበጀን ትከሻ፣ ቀብሩን፣ አንድ በአንድ፣ ደብተሬ ላይ እንዳለው ነገሯት። እሷ ከንፈራቸውን እያየች ሰማች። ሲጨርሱ ጠየቀች።

«ስሜን ጠራ?»

እዚያ ያለው ሰው ሁሉ የሚጠብቀውን መልስ እኔም ጠበቅሁ። አንድ ቃል ናት። ማንንም አትጎዳም፤ ማንም አይመረምራትም። በልቤ «በሉ፣ ይበሏት» አልኩ።

«አልጠራም እትዬ» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ተኝቶ ነበር።»

ከኋላዬ አንዷ «ምን ዓይነት ደረቅ ሰው ነው» ስትል ሰማሁ። እትዬ አንጓች ግን ዓይኗን ከፊታቸው ሳታነሳ ቆየች።

«ጠርቷል ብትለኝ ኖሮ» አለች በመጨረሻ፣ «መተኛቱን አላምንህም ነበር።» ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ፈንታሁን፣ ጠጋ በልለት። ይቀመጥ።»

ሁለት ለአንድ የሚለውን ውጤት እስከ ደሳለኝ አርባ ድረስ ከሰሌዳው አላጠፉትም። ሌላውን በጎኑ እያጣበቡ ጻፉ። ታደለም አልቀለደበትም።

ከዚያ በኋላ እትዬ አንጓች በየወሩ አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ትመጣለች። ባዶ ጆንያዋን አጥፋ የተጣለ ጎማ ላይ ትቀመጥና «እስቲ ንገረኝ» ትላለች። ይነግሯታል። እኔ ከቆርቆሮው ማዶ ሆኜ እሰማለሁ፤ አንድ ቃል አይጨምሩም፣ አንድ ቃል አይቀንሱም። አንዳንዱን ጊዜ መሃል ላይ ፈገግ ትላለች፤ ክርክሩ ላይ።

እኔ ደግሞ ደሳለኝ ሲሞት እናቱን የሚጠራበት ግጥም ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። አነበብኩላቸው። አይተሻል ወይ አላሉኝም። ራሳቸውን ደፍተው ቆዩና «ያምራል» አሉ። በስድስት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ያሉኝ ቃል ነው። «ለእሷ ግን አታንብቢላት» አሉኝ።

ጋሽ ደምሴ ባረፉ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ሜዳው ሁሉ ውሃ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል። እትዬ አንጓች ጃንጥላዋን በራፌ ላይ አራግፋ ገባች። ኮፒ ማድረጊያውን አጠፋሁና ወንበር ሰጠኋት።

«አንቺ ነበርሽ አብረሽው የሄድሽው» አለችኝ።

«ነበርኩ።»

«እንግዲያ አንቺ ንገሪኝ።»

በቃሌ ጀመርኩ። ጆንያው ላይ መቀመጣቸውን፣ ክርክሩን፣ ጋደም ማለቱን። እንቅልፉ ላይ ስደርስ ግጥሜ ምላሴ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። ቀብሩን ስነግራት «ራስጌው ላይ ሦስት ድንጋይ አኖሩለት» አልኳት።

«አራት» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት።

«ደምሴ አራት ነው ያለኝ።»

መሳቢያዬን ከፍቼ ደብተሩን አወጣሁ። የይፋጉን ገጽ ገልጬ አነበብኩ። አራት ይላል።

«አራት ነው እትዬ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

«ምንም አይደል» አለች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች። «ከድንጋዩ ጀምሪልኝ።»